የዲትሮይት ጌቶች ደጅ ሲጠኑ

መንግሥት ያዳነው ማንን ነው? ሂሳቡንስ ማን ከፈለ?

በኖቬምበር 2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሦስት ታላላቅ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስኪያጆች ከዲትሮይት ተነስተው ዋሽንግተን ገቡ። ከጄኔራል ሞተርስ ሪክ ዋጎነር፣ ከፎርድ አለን ሙላሊ፣ ከክራይስለር ደግሞ ሮበርት ናርዴሊ ነበሩ። የመጡት በየግል ጄት አውሮፕላናቸው ነው። የመጡበት ጉዳይ ግን ደጅ ጥናት ነበር፤ ለኢንዱስትሪው የ25 ቢሊዮን ዶላር ብድር እንዲፈቀድ ሊጠይቁ። የሕዝብ እንደራሴዎቹ በአውሮፕላኑ ነገር ተሳለቁባቸውና ዕቅድ ይዛችሁ ኑ ብለው በባዶ እጃቸው ሸኟቸው። በዲሴምበር ሲመለሱ በመኪና መጡ። የጠየቁት ገንዘብ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ 34 ቢሊዮን ደርሶ ነበር።

ስም ያለው ዕቃ አይወድቅም ብሎ የሚያምን ነጋዴ በየገበያው አይጠፋም። ካዲላክ፣ ሼቭሮሌት፣ ጂፕ፣ ፎርድ የሚባሉት ስሞች በዓለም ዙሪያ ማስታወቂያ የማያስፈልጋቸው ነበሩ። ታዲያ እነዚህን ስሞች የያዙ ኩባንያዎች ለደመወዝና ለመለዋወጫ አቅራቢ የሚከፍሉት ጥሬ ገንዘብ እንዴት አጡ? መንግሥት እጁን ሲያስገባስ ማን ተረፈ፣ ማን ተጎዳ? ነገሩ የአሜሪካ ይሁን እንጂ ገንዘቡን በአክሲዮን፣ በብድር ወይም በሸቀጥ ላይ ላዋለ ሰው ሁሉ ትምህርት አለው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

ጄኔራል ሞተርስ የተመሠረተው በ1908 ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት ሁለት መኪኖች አንዱ ገደማ የእርሱ ነበር። የገበያ ስልቱ መሰላል የመሰለ ነው። ጀማሪው ሠራተኛ ሼቭሮሌት ይገዛል፤ ደመወዙ ሲያድግ ወደ ፖንቲያክ፣ ከዚያም ወደ ኦልድስሞቢልና ወደ ብዊክ ይሻገራል፤ ሀብት ሲያገኝ በካዲላክ ይደመድማል። ደንበኛው ኑሮው ቢለወጥም ከቤቱ አይወጣም ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል አንዱን መኪና መብራቱንና ምልክቱን እየለወጡ በተለያየ ስም መሸጥ ተጀመረ። ገዢ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ልዩነቱ ስም ብቻ መሆኑን ሲረዳ ለስም መክፈሉን ተወ።

የመጀመሪያው ትልቅ ማስጠንቀቂያ የመጣው በ1979 ነው። በኢራን አብዮት ሰበብ ነዳጅ ሲወደድ ገዢው ትንንሾቹን የጃፓን መኪኖች መረጠ። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለዱን አናረው፤ በዲሴምበር 1980 ባንኮች ለምርጥ ደንበኞቻቸው የሚያስከፍሉት ወለድ 21.5 በመቶ ደረሰ። መኪና በአብዛኛው በብድር የሚሸጥ ዕቃ ነውና ገበያው ደረቀ። ክራይስለር ሊዘጋ አፋፍ ላይ ቆመ። በሊ አያኮካ የሚመራው ይህ ኩባንያ ያኔ ከመንግሥት ያገኘው ገንዘብ ሳይሆን ዋስትና ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር በጃንዋሪ 1980 በፈረሙት ሕግ መንግሥት ለ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነ። ሠራተኛውም፣ ባንኩም፣ አቅራቢውም ከየድርሻቸው እንዲቀንሱ ተደረገ። ክራይስለር ብድሩን ከቀነ ገደቡ 7 ዓመት ቀድሞ በ1983 ከፍሎ ጨረሰ፤ መንግሥትም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ።

በ1981 ሌላ ፖሊሲ ተጨመረ። ጃፓን በአሜሪካ ግፊት ወደዚያ የምትልከውን መኪና በዓመት በ1 ሚሊዮን 680 ሺህ ለመወሰን ተስማማች። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ሆነ። የሚልኩት ቁጥር ከተገደበ፣ ጃፓኖቹ ውድ ውዱንና ትርፍ ያለውን መላክ ያዙ። ፋብሪካቸውንም እዚያው አሜሪካ ተከሉ፤ ሆንዳ በ1982 መጨረሻ ኦሃዮ ውስጥ አኮርድን መገጣጠም ጀመረ። የኮታው ዓላማ ለዲትሮይት ጊዜ መግዛት ነበር። ጊዜው ተገዛ፤ በአግባቡ የተጠቀመበት ግን ባዕዱ ነው።

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና

በ1990ዎቹ ነዳጅ ረከሰ። አሜሪካዊው ፒክ አፕና ትልልቅ የመስክ መኪና ወደደ። ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ የጭነት ፒክ አፕ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ስላለ፣ በዚህ መስመር ዲትሮይትን የሚፎካከር አልነበረም ማለት ይቻላል። ትርፉ ያለው በትልልቁ መኪና ላይ ነበርና ኩባንያዎቹ ትንሹን የቤት መኪና ችላ አሉት።

በሌላ በኩል ወጪው ከድሮ ዘመን የተወረሰ ነበር። ገበያው በእጃቸው በነበረበት ጊዜ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተዋዋሉት የጡረታና የሕክምና ግዴታ እያበጠ ሄደ። ጄኔራል ሞተርስ በ2005 ግድም ለሕክምና የሚያወጣው ወጪ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ሲካፈል 1,500 ዶላር ያህል እንደነበር ራሱ ኩባንያው ይናገር ነበር። ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ቤቱ ተቀምጦ አብዛኛውን ደመወዙን የሚያገኝበት ውልም ነበር። እንግዲህ ሠራተኛው ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈለው ከሆነ፣ ኩባንያው ገዢ ኖረም አልኖረም ማምረቱን ይመርጣል። የተመረተውም በቅናሽ ይሸጣል። በቅናሽ የተለመደ ዕቃ ደግሞ በሙሉ ዋጋው የሚገዛው አያገኝም።

ኪሣራው ቀውሱ ሳይመጣ ጀምሯል። ጄኔራል ሞተርስ በ2005 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2007 ደግሞ 38.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ክራይስለርም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቷል። የጀርመኑ ዳይምለር በ1998 በ36 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግብቶት ነበር፤ በ2007 ከ80 በመቶ የሚበልጠውን ድርሻ ሰርበረስ ለተባለ የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት ሲያስተላልፍ የተነገረው ዋጋ 7.4 ቢሊዮን ብቻ ነው።

ከዚያ 2008 መጣ። በጁላይ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 147 ዶላር ነካ፤ አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ4 ዶላር አለፈ። ፒክ አፕና የመስክ መኪና በየመሸጫው ቆሞ ቀረ። በሴፕቴምበር 15 ሌህማን ብራዘርስ የተባለው የኢንቨስትመንት ባንክ ከሰረ። ጄኔራል ሞተርስ 100ኛ ዓመቱን የያዘው በማግሥቱ፣ በሴፕቴምበር 16 ነበር። ባንክ ለባንክ ማበደር ሲፈራ ለመኪና ገዢ ማን ያበድራል? በ2007 በአሜሪካ 16 ሚሊዮን ያህል መኪና ተሸጦ ነበር። በ2008 ወደ 13.2 ሚሊዮን፣ በ2009 ደግሞ ወደ 10.4 ሚሊዮን ወረደ። ወጪያቸውን በ16 ሚሊዮን ገበያ ለለኩ ኩባንያዎች ይህ ጉንፋን ሳይሆን የሳንባ ምች ነው።

ፎርድ ስሙን በመያዣ ሰጠ

ከሦስቱ አንዱ፣ ፎርድ፣ ከመንግሥት የነፍስ አድን ገንዘብ ሳይወስድ አለፈ። ምስጢሩ ከሌሎቹ የተሻለ መኪና መሥራቱ አልነበረም። በ2006 እርሱም በቢሊዮን እየከሰረ ነበር። ከቦይንግ አውሮፕላን ፋብሪካ የመጣው ሙላሊ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የብድር ገበያው ገና ክፍት ሳለ፣ 23 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ሰበሰበ። መያዣው ፋብሪካው፣ ሕንጻው፣ የሠራው የፈጠራ መብትና የፎርድ ስም የተጻፈበት ሰማያዊው ምልክት ሳይቀር ነበር። ብዙ ታዛቢ ይህን የጭንቅ ሥራ አድርጎ ቆጥሮታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዚያ ዋጋ ቀርቶ በየትኛውም ዋጋ ብድር ሲጠፋ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ምን እንደሆነ ታየ። ፎርድ ምልክቱን ከመያዣ ያስለቀቀው በሜይ 2012 ነው።

ይሁንና ፎርድም ከፖሊሲው ጥቅም ውጭ አልነበረም። ነዳጅ ቆጣቢ መኪና እንዲሠራ በ2009 ከኃይል ሚኒስቴር 5.9 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቅዶለታል። ሙላሊ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ለተፎካካሪዎቹ መሟገቱም ለጽድቅ አልነበረም። ጎማ፣ መቀመጫና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያቀርቡት ፋብሪካዎች ለሦስቱም አንድ ናቸው። ጄኔራል ሞተርስ በድንገት ቢዘጋ አቅራቢው ይወድቃል፤ አቅራቢው ከወደቀ የፎርድም መስመር ይቆማል። ጎረቤትህ ሲቃጠል ውሃ የምታቀብለው ለራስህ ጣራ ብለህም ነው።

ዋሽንግተን ምን ወሰነች?

የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በዲሴምበር 2008 የ14 ቢሊዮን ዶላር ብድር ቢያጸድቅም በሴኔቱ ወደቀ። በዲሴምበር 19 ሊሰናበቱ አንድ ወር የቀራቸው ፕሬዚዳንት ቡሽ ለባንኮች ማዳኛ ከተያዘው 700 ቢሊዮን ዶላር ቀንሰው 17.4 ቢሊዮን ለሁለቱ ኩባንያዎች ፈቀዱ። 13.4 ቢሊዮኑ ለጄኔራል ሞተርስ፣ 4 ቢሊዮኑ ለክራይስለር ነው። በዚያው ሳምንት ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ወደ ዜሮ አወረደ።

ኦባማ ሥልጣን ሲይዙ የኩባንያዎቹን ዕቅድ የሚመረምር ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ያቀረቡት ዕቅድ አያስኬድም አለ። በማርች 2009 ዋጎነር ሥራውን እንዲለቅ ተጠየቀና ለቀቀ። በዚያው ወር መንግሥት ሁለት ነገር አደረገ። ለመለዋወጫ አቅራቢዎች እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ መደበ፤ ኩባንያው ቢከስርም የመኪናው ጋራንቲ በመንግሥት ይጠበቃል አለ። ይህ ሁለተኛው ለገበያ ሰው ትልቅ ነጥብ ነው። ነገ መለዋወጫና ጥገና የማያገኝለትን መኪና የሚገዛ የለምና፣ የኪሣራ ወሬ ብቻውን ሽያጭ ይገድላል።

ክራይስለር በኤፕሪል 30፣ ጄኔራል ሞተርስ በጁን 1 ቀን 2009 የኪሣራ ፍርድ ቤት ገቡ። ጄኔራል ሞተርስ ያስመዘገበው ሀብት 82 ቢሊዮን፣ ዕዳው ግን 172 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የተመረጠው መንገድ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ ጥሩ ሱቅና ብዙ ዕዳ አለው እንበል። አዲስ ድርጅት ይቋቋምና ሱቁን፣ ዕቃውንና ስሙን ብቻ በፍርድ ቤት ፈቃድ ይገዛል። ዕዳው፣ የተዘጋው መጋዘንና ክሱ ከአሮጌው ድርጅት ጋር ይቀራል። አሮጌው ቀስ ብሎ ይፈርሳል፤ አዲሱ በማግሥቱ ይከፍታል። በዚህ ዘዴ ዓመታት ይፈጃል የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ኪሣራ በ40 ቀን ገደማ አለቀ። ክራይስለርም በተመሳሳይ ፍጥነት ወጥቶ ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተጋባ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ፊያት መጀመሪያ ለያዘው 20 በመቶ ድርሻ ጥሬ ገንዘብ አልከፈለም፤ ያመጣው ዕውቀትና የትንሽ መኪና ንድፍ ነው።

ሂሳቡን የከፈሉት

ባለአክሲዮኑ ሁሉን አጣ። በ2000 ከ90 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ አክሲዮን ወደ ፍርድ ቤት ከመግባቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ የገበያ ቀን 75 ሣንቲም ላይ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ለአሮጌው አክሲዮን የደረሰው የለም።

አበዳሪው ተቆረጠበት። 27 ቢሊዮን ዶላር ያህል የቦንድ ገንዘብ የነበራቸው ሰዎችና ድርጅቶች በምትኩ ከአዲሱ ኩባንያ 10 በመቶ ድርሻና ተጨማሪ የመግዛት መብት ተሰጣቸው። ለክራይስለር 6.9 ቢሊዮን በመያዣ ያበደሩት ያገኙት 2 ቢሊዮን፣ ማለትም ከአንድ ዶላር 29 ሣንቲም ነው። ከእነርሱ መሐል የኢንዲያና የጡረታ ፈንዶች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግተው አልተሳካላቸውም። ያለ መያዣ ገንዘብ ይጠይቅ የነበረው የሠራተኛ ማኅበሩ የሕክምና ፈንድ በአንጻሩ የክራይስለርን አብዛኛውን አክሲዮንና የጄኔራል ሞተርስን 17.5 በመቶ አገኘ። መያዣ ያለው ከሌለው ይቀድማል የሚለው የብድር ሕግ ተጣሰ ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። የመንግሥት መልስ ደግሞ ፋብሪካው ቢዘጋና ብረቱ ቢሸጥ ያ 29 ሣንቲምም አይገኝም ነበር፣ ያለ ሠራተኛም መኪና አይሠራም የሚል ነው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የሚይዘው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ገንዘቡን የሚሰጠው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚወስነውም እርሱ ነው።

ሠራተኛውም ከፍሏል። ነባሩ በሰዓት 28 ዶላር ግድም ሲያገኝ፣ አዲስ የሚቀጠረው በ14 ዶላር ገደማ እንዲጀምር በ2007 የተፈረመው ስምምነት በቀውሱ ጊዜ ጸና። ይህ ቁስል ሳይሽር ቆይቶ በሴፕቴምበር 2023 ማኅበሩ በሦስቱም ኩባንያዎች ላይ በአንድ ጊዜ ሥራ ሲያቆም ከዋና ጥያቄዎቹ አንዱ ሆነ። ወኪል ሻጩም ቢሆን አልቀረለትም፤ ክራይስለር ብቻ በጁን 2009 የ789 ወኪሎችን ውል ሰረዘ። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ንግዶች በጥቂት ሳምንታት ማስጠንቀቂያ ተዘጉ።

ግብር ከፋዩስ? መንግሥት ለመኪናው ዘርፍ በጠቅላላ ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር አወጣ። ከአዲሱ ጄኔራል ሞተርስ 60.8 በመቶውን ያዘ። በኖቬምበር 2010 አክሲዮኑ በ33 ዶላር ለሕዝብ ሲቀርብ ድርሻውን ማራገፍ ጀመረ፤ የመጨረሻውን በዲሴምበር 2013 ሸጠ። በጄኔራል ሞተርስ ላይ ከ10 ቢሊዮን በላይ፣ በክራይስለር ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ አጣ፤ የመኪና ብድር በሚሰጠው በጂ.ኤም.ኤ.ሲ. (ኋላ አላይ በተባለው) ላይ ግን አተረፈ። ተደምሮ ሲቀነስ የጎደለው ወደ 9.3 ቢሊዮን ዶላር ነው።

አሮጌ መኪና በጥሬ ገንዘብ

ሌላው የዚያ ጊዜ ፖሊሲ ደላላን በቀጥታ የሚመለከት ነበር። በ2009 ክረምት ነዳጅ የሚበላ አሮጌ መኪናውን አስረክቦ ቆጣቢ አዲስ ለሚገዛ ሰው 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ድጎማ ተሰጠ። 1 ቢሊዮን ዶላሩ በጥቂት ቀናት አለቀና 2 ቢሊዮን ተጨመረ፤ ወደ 680 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች ተለወጡ። የተረከቡት መኪኖች ዳግም እንዳይሸጡ ሞተራቸው ውስጥ ኬሚካል እየተጨመረ እንዲነክስ ተደረገ።

ለነጋዴው የሚታዩት ውጤቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በድጎማው በብዛት ከተገዙት መኪኖች ቀዳሚው የቶዮታ ኮሮላ ነበር፤ መንግሥት ገዢን ሊደጉም ይችላል፣ ምርጫውን ግን አይመርጥለትም። ሁለተኛ፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ቆይተው ሲመረምሩት አብዛኛው ሽያጭ ከሚቀጥሉት ወራት ተበድሮ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛ፣ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ የሚሄዱ መኪኖች ከያገለገለ መኪና ገበያ ጠፉ። በጠባብ ኪስ አሮጌ መኪና የሚፈልገው ሰው ምርጫው አነሰ።

የተቀበሩ ስሞች

ጄኔራል ሞተርስ ከስምንት ስሞቹ አራቱን ብቻ ይዞ ወጣ፤ ሼቭሮሌት፣ ካዲላክ፣ ብዊክና ጂ.ኤም.ሲ.። ከ1926 ጀምሮ የነበረው ፖንቲያክ ተዘጋ። ሳተርንን ሊገዙ የተዋዋሉት ሮጀር ፔንስኪ መኪናውን የሚሠራላቸው ፋብሪካ ስላላገኙ በሴፕቴምበር 2009 ተዉት። ሀመርን ሊገዛ የነበረው የቻይና ኩባንያ ሽያጭ በ2010 ፈረሰ። የስዊድኑ ሳብ ተሸጦ በ2011 መጨረሻ ከሰረ። ፎርድም ከ1930ዎቹ ጀምሮ የያዘውን ሜርኩሪ ዘጋ፤ ጃጓርንና ላንድ ሮቨርን በ2008 ለሕንዱ ታታ፣ ቮልቮን በ2010 ለቻይናው ጂሊ ሸጠ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን በደንብ የሚያውቁት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያም በ2011 ምርቱ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሀመርና ሳተርን ገዢ ጠፍቶላቸው አልነበረም፤ ስማቸውን የሚፈልግ ነበር። ሆኖም ፋብሪካ፣ አቅራቢና ጥሬ ገንዘብ የሌለው ስም በወረቀት ላይ የተጻፈ ፊደል ብቻ ነው። የሀመር ስም የተመለሰው ከዓመታት በኋላ፣ በጂ.ኤም.ሲ. ሥር የኤሌክትሪክ መኪና መጠሪያ ሆኖ ነው።

ታዲያ ምን ይሻል ነበር?

የነፍስ አድኑን ገንዘብ የሚነቅፉት የከሰረ ይክሰር ይላሉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ትክክል ነበሩ። በ2009 ግን በኪሣራ ላይ ላለ ኩባንያ ማስኬጃ የሚያበድር የግል ባንክ አልነበረም። ስለዚህ ምርጫው በመልሶ ማደራጀትና በነፃ ገበያ መካከል አልነበረም፤ በመልሶ ማደራጀትና በቁራጭ ብረት ሽያጭ መካከል ነበር። በአንድ የዘርፉ የጥናት ማዕከል ግምት ሦስቱም ቢዘጉ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሥራ ይጠፋ ነበር። ግምቱ ተጋንኗል ብንልና በግማሽ ብንቀንሰው እንኳ 9.3 ቢሊዮኑ ውድ አይመስልም። አዲሱ ጄኔራል ሞተርስ በ2011 ብቻ 7.6 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ፤ የአሜሪካ የመኪና ሽያጭም በ2015 ከ17 ሚሊዮን አልፎ የ2000ን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በባንኮቹ በኩል የብዙዎቹ ባለአክሲዮኖች ድርሻ ሳሳ እንጂ አልተሰረዘም። በዲትሮይት ግን መንግሥት ያዳነው ፋብሪካውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም። ኩባንያው ትልቅ ነው፣ መንግሥት አይጥለውም ብሎ በ2008 መጨረሻ አክሲዮኑን በርካሽ የሰበሰበ ሰው ስለ ኩባንያው የተናገረው ልክ ነበር፤ ኩባንያው አልወደቀም። ገንዘቡ ግን ጠፋ።

ዲትሮይትስ ተምራለች ወይ? ፎርድ በ2018 በሰሜን አሜሪካ የቤት መኪኖቹን በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ትቶ ወደ ፒክ አፕና ወደ መስክ መኪና እንደሚያዘነብል አስታወቀ። ትርፉ አሁንም እዚያ ነው። ቤንዚን የሚወደድበትን ቀን ማንም ቀድሞ አይነግረንም፤ የብድር በር የሚዘጋበትንም እንዲሁ። ፎርድ በ2006 ያደረገውን ማድረግ የሚፈልግ ነጋዴ ስለዚህ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገበያው በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሶው ቢጎድል፣ ሳልሸጥ ስንት ወር እቆያለሁ? መልሱ በመዝገቡ ላይ መኖር ያለበት ባንኩ ደጅ ሳያቆመው ነው።